የሚወልቅ ልባስ፦ ለደብተር የጨርቅ ሽፋን ስለ መስፋት

ለሕዝብ ክፍት ከነበረ ንግግር የተገለበጠ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲወጣ አንዳንዶችን ፈገግ እንዳሰኘ ሰምቻለሁ። ለደብተር ልብስ መስፋት የትርፍ ጊዜ ሥራ እንጂ የዩኒቨርሲቲ መድረክ ጉዳይ አይመስልም። ሆኖም በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል የመስክ ማስታወሻ ያልያዘ፣ የቤተ ሙከራ መዝገብ ያላገላበጠ ወይም በአሮጌ መጽሐፍ ላይ ያላጎነበሰ ሰው ጥቂት ነው። ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹ ሁለተኛ ቅጂ የላቸውም። ጀርባቸው ሲሰነጠቅ፣ የመጀመሪያው ጥራዝ ሲላቀቅ፣ ዝናብ ሲገባባቸው የሚጠፋው ወረቀት ብቻ ሳይሆን የአንድ ወቅት ሥራ ነው። እንግዲህ የምናገረው ይህን ጉዳት ማን ሊቀበለው ይገባል ስለሚለው ጥያቄ ነው፤ መጽሐፉ ወይስ ልብሱ?

መልሴን አስቀድሜ ልግለጽ። ልባስ የሚሠራው እንዲጎዳ ነው። የእጅ ላብ፣ የቦርሳ ፍትጊያ፣ የፈሰሰ ቡናና የመንገድ አቧራ መጽሐፉ ላይ ሳይደርሱ በእርሱ ላይ እንዲቀሩ ታስቦ ይሰፋል። ስለሆነም ሲቆሽሽ የሚታጠብ፣ ሲያልቅ የሚለወጥ መሆን ይኖርበታል፤ ይህ የሚቻለው ደግሞ ሲወልቅ ብቻ ነው። በሙጫ የተጣበቀ ወይም በመርፌ ከመጽሐፉ ጋር የተሰፋ ልባስ የራሱን እርጅና ለመጽሐፉ ያወርሰዋል። እርሱን ለማንሣት የሚሞክር ሰው ከሥሩ ያለውንም አብሮ ያነሣል። ከዚህ በኋላ የምላቸው ነገሮች ሁሉ፣ የመቀስና የሜትር ጉዳይ የሚመስሉት ጭምር፣ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚወጡ ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ደብተር» ከዐረብኛው «ደፍተር» ጋር አንድ ነው፤ ሥሩን ወደ ኋላ የተከተሉ ሊቃውንት የሚደርሱት ወደ ግሪክኛው «ዲፍቴራ» ሲሆን ትርጉሙ የተዘጋጀ ቆዳ ማለት ነው። («ደብተራ» ከዚሁ ጋር ያለውን ዝምድና ለቋንቋ ክፍል ባልደረቦቼ እተወዋለሁ፤ ከተነሣ ይህ ሰዓት አይበቃንም።) ዛሬ ወረቀት የምንጽፍበትን ነገር በቆዳ ስም እንጠራዋለን ማለት ነው። ቆዳ የነበረው ደብተር ራሱን በራሱ ይጠብቅ ነበር፤ ወረቀት ሲሆን ግን ልብስ አስፈለገው።

ይህንን የማያውቅ ተማሪ የለም። መስከረም ሲጠባ ደብተር መለበድ ከትምህርት ቤት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ነበር። ጋዜጣ ወይም ካኪ ወረቀት ይዘረጋል፤ ደብተሩ በመካከሉ ይቀመጣል፤ ዙሪያው ታጥፎ የሽፋኑ ጫፍ በእጥፋቱ ውስጥ ይገባል። ሙጫም መርፌም አልነበረበትም። በጥንቃቄ ካየነው ይህ የልጅ ሥራ የጨርቅ ልባስ አሠራር ሙሉ ንድፍ ነው፦ በውጭ አንድ ወጥ ገጽ፣ በውስጥ ሁለት ኪሶች፣ በመካከል ነፃ የሆነ ጀርባ። ጉድለቱ ከጥሬ ዕቃው ነው። የጋዜጣ ወረቀት በአብዛኛው ካልተጣራ የእንጨት ጭረት ስለሚሠራ አሲድ ያመነጫል፤ ቶሎ ይወይባል፣ ይሰባበራል፣ የኅትመት ቀለሙም ወደ እጅና ወደ ሽፋን ይጋባል።

ከጋዜጣው ቀጥሎ የመጣው ላስቲክ ነው። ዝናብ አያስገባም፤ ይህን መልካም ጎኑን አልክድም። ነገር ግን የገባውንም እርጥበት አያስወጣም። ለስላሳው የፒ ቪ ሲ ላስቲክ ደግሞ ማለስለሻ ኬሚካሉ ቀስ በቀስ ስለሚወጣ የፎቶ ኮፒ ጽሕፈት ሲነካው ቀለሙን ከወረቀቱ ላይ ነቅሎ ይወስዳል። በአሮጌ የላስቲክ መያዣ ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ማስረጃ ስታወጡ ፊደሎቹ ላስቲኩ ላይ ቀርተው ካገኛችኋቸው ምክንያቱ ይህ ነው። ላስቲኩን ለማያያዝ የምንለጥፈው ስኮችስ? የስኮች ሙጫ ከጊዜ በኋላ ይወይባል፣ ወደ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ፕላስቲኩ ተላቆ ሲወድቅ ቡናማው ምልክት ይቀራል። የጋዜጣው ልባድ ይወልቅ ነበር፤ የስኮቹ አይወልቅም። በዚህ ረገድ ወደ ኋላ ሄደናል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የብራና መጽሐፍ አዘጋጆቻችን መጽሐፍን ያለብሱ የነበረው በደረጃ ነው። ጥራዞቹ በሰንሰለት መሰል ስፌት እርስ በርስና ከሁለቱ የእንጨት ገበታዎች ጋር ይያያዛሉ፤ ለገበታ ከሚመረጡት እንጨቶች አንዱ ዋንዛ ነው። ጀርባው በተለምዶ በሙጫ አይደርቅም፤ ስለዚህ መጽሐፉ በሚገባ ይከፈታል። በገበታው ላይ ቀይ ወይም ቡናማ ቆዳ ይለበጥና በጋለ ብረት ይደጎሳል። ቆዳው ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በገበታው የውስጥ ፊት መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ጨርቅ ይለጠፋል፤ ሐር፣ ከፋይ ወይም አበባ የታተመበት ጥጥ። ከእነዚህ ጨርቆች ብዙዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ከአንድ ልብስ የተረፈች የእጅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ መጽሐፍ ውስጥ ገብታ ልብሱ ራሱ ከጠፋ በኋላ ትኖራለች፤ ስለ ንግድ ታሪክ የሚያጠና ሰው ወደ ገበታው ውስጥ መመልከት ያለበት ለዚህ ነው።

ከድጉሱ በላይ ማኅደሩ ይመጣል። ማኅደር ከጠንካራ ቆዳ የሚሰፋ ማንገቻ ያለው ቤት ነው፤ መጽሐፉ ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ዳዊታቸውን በማኅደሩ አንግተው የሚሄዱ ካህናትን ያላየ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ማኅደሩ በግድግዳ ችካል ላይም ይሰቀላል። እንግሊዛዊው ሮበርት ከርዘን እ.ኤ.አ. በ1849 ባሳተመው የገዳማት ጉዞ መጽሐፉ በግብፅ በረሃ በሚገኝ ገዳም ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መጻሕፍታቸውን በዚሁ ዓይነት በማንገቻቸው በእንጨት ችካል ላይ ሰቅለው እንዳያቸው ጽፏል። መደርደሪያ አላስፈለጋቸውም፤ መጽሐፉ የሚኖረው በልብሱ ውስጥ ነበር። ስለ ብራና ፍቀት፣ ስለ ጥራዝና ስለ ድጉስ ሥራ በዝርዝር ለማወቅ የሚሻ ተማሪ ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ ዝግጅት ያሳተሙትን ጥናት ሳያነብ ማለፍ የለበትም።

ማኅደር የሚወልቅ ልባስ ነው። ጥብቅ ከሆነ ግን መጽሐፉ በወጣና በገባ ቁጥር ድጉሱን ይፈትገዋል፤ የገበታው ማዕዘኖች ቆዳ ቀድሞ የሚያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ለመከላከል ይመስላል፣ ወይም መጽሐፉን ለማክበር፣ በብዙ መጻሕፍት ላይ ሌላ ነገር እናገኛለን፦ በድጉሱ ላይ የተሰፋ ጨርቅ። አንዳንዱ ነጭ ጥጥ ነው፤ አንዳንዱ አበባ ያለው ቀሚስ የነበረ ይመስላል። በገበታዎቹ ዙሪያ ተስቦ በውስጥ በኩል በክር ተጠላልፏል። አይወልቅም። ለአጥኚ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከሥሩ ያለው ድጉስ አይታይም፤ የጀርባው ስፌት ይበጠስ አይበጠስ አይታወቅም፤ እርጥበት ከገባ በጨርቁና በቆዳው መካከል ይቀመጣል። ጨርቁን መፍታት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም ያለበሰው ሰው እጅ፣ የመረጠው ጨርቅ፣ የሰፋበት ክር የመጽሐፉ ታሪክ ክፍል ሆነዋል። በጥቁርና ነጭ ማይክሮፊልም የተነሡ መጻሕፍት ጽሕፈታቸው ተርፎልናል፤ የልብሳቸው ቀለም ግን በፊልሙ ላይ የለም።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓም ተመሳሳይ ልማድ ነበር። መጻሕፍት በቆዳ ወይም በጨርቅ ሸሚዝ ይለብሱ ነበር፤ ከጫፋቸው ተርፎ የሚንጠለጠለው ክፍል መጽሐፉን ይጠቀልለዋል። ከዚሁ የወጣው የመታጠቂያ መጽሐፍ ጫፉ በቋጠሮ ከቀበቶ ላይ ይንጠለጠል ነበር። በሥዕል የምናያቸው እጅግ ብዙ ሲሆኑ በእጅ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ የኋላ ዘመን ጠራዦችና ቤተ መጻሕፍት ሸሚዙን እንደ አሮጌ ጨርቅ ቆጥረው ቆርጠው ጥለውታልና። የሚወልቅ ልባስ አንድ ድካም አለው ማለት ነው፤ ይጠፋል። ይህን እያወቅሁ ነው የምደግፈው። ልብስ ጠፍቶ መጽሐፍ ቢቀር ይሻላል።

አሁን ወደ መስፋቱ እንሂድ። የምሰጠው ምሳሌ ጠንካራ የካርቶን ሽፋን ላለው መካከለኛ ማስታወሻ ደብተር ነው። ሽፋኑ ወደ ጎን 15 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ላይ 21.5 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ጀማሪ ሰፊ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ገልጦ ይዘረጋዋል፤ ጨርቁን ከሥሩ አንጥፎ በጠመኔ ዙሪያውን ያሰምራል። የተፈጥሮ አካሄድ ይመስላል፤ ግን ስሕተት ነው። ሲዘረጋ የሚበቃው ጨርቅ ሲዘጋ ያጥራል። ምክንያቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዐሥር ወረቀት ደርባችሁ ከመካከል እጠፉ፤ የውስጠኛው ወረቀት ጫፍ ከውጪው አልፎ ይወጣል። ይህም የሆነው ውጪኛው በእጥፋቱ ላይ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚዞር ነው። ልባስ ከሁሉም ውጪ ያለው ወረቀት ነው። ደብተሩ ሲዘጋ ጨርቁ በጀርባው ሁለት ማዕዘኖች ላይ ይዞራል፤ ሁለቱ መዞሪያዎች ተደምረው ግማሽ ክብ ይሆናሉ። ስለዚህ የውጪው ገጽ ከውስጡ ገጽ የሚበልጠው በጨርቁ ውፍረት ልክ ሦስት ጊዜ ከጥቂት ነው፤ በሒሳብ ቋንቋ ፓይ ሲባዛ በውፍረቱ። ውጪውና ገበሩ ተደምረው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖራቸው 3 ሚሊ ሜትር ያህል መጨመር ይበቃል። በመካከላቸው ጥጥ ተደርጎ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ግን ጭማሪው ወደ 9.5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አንድ ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ለስላሳና ወፍራም ልባስ የሚሰፉ ሰዎች «በልክ ሠርቼው እንዴት ጠበበ?» የሚሉት ይህችን አንድ ሳንቲ ሜትር ባለመቁጠራቸው ነው።

ያጠረ ልባስ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ደብተሩ ሲዘጋ ጨርቁ ሁለቱን ገበታዎች ወደ ውጭ ይስባቸዋል። ባለቤቱ ደግሞ ቦርሳው ውስጥ ለማስገባት ይጫነዋል። በዚህ ትግል የሚሸነፈው ጨርቁ አይደለም፤ ሽፋኑ ከጀርባው የሚጋጠምበት መስመር ነው። በመጀመሪያ ከሽፋኑ ውስጥ የተለጠፈው ወረቀት በመጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል፤ ቀጥሎ የመጀመሪያው ጥራዝ ይላላል፤ ከዚያ በኋላ ገጾች መውደቅ ይጀምራሉ። ሊጠብቅ የተሰፋው ልብስ ደብተሩን ገነጠለው ማለት ነው። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ደብተር የሚለካው ተዘግቶ ነው። ሜትሩ ከፊት ሽፋን ጠርዝ ተነሥቶ በጀርባው ዞሮ እስከ ኋላ ሽፋን ጠርዝ ድረስ ይሂድ።

በምሳሌያችን 15፣ 1.5 እና 15 ተደምረው 31.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። ለጨርቁ ውፍረትና ለመንሸራተቻ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ጨምረን 32 እንበል። ለእያንዳንዱ ኪስ 7 ሳንቲ ሜትር ስንጨምር 46፣ በሁለቱም ጫፍ ለስፌት አንዳንድ ሳንቲ ሜትር ስንተው 48 ይሆናል። ወደ ላይ ያለው ልኬት ጥንቃቄ ይሻል። ኪሶቹ የሚያዙት በላይና በታች ጠርዝ ላይ በሚያልፍ ስፌት ነው፤ ስፌቱ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ስለሚሄድ የኪሱን ቁመት በ6 ሚሊ ሜትር ይቀንሰዋል። ይህ ካልታሰበ ልባሱ ከውጭ ሲለካ ልክ ይሆናል፤ ደብተሩ ግን ወደ ኪሱ አይገባም። ስለዚህ ለ21.5 ቁመት 1 ሳንቲ ሜትር ጨምረን 22.5፣ ከስፌት መተዉ ጋር 24.5 እንቆርጣለን። እንግዲህ 48 በ24.5 የሆኑ ሁለት ቁራጮች አሉን፤ አንዱ ውጪ፣ አንዱ ገበር።

አሰፋፉ ከልኬቱ ይልቅ ቀላል ነው። ሁለቱ ቁራጮች ፊታቸው እርስ በርስ እንዲተያይ ይደረባሉ፤ ዙሪያቸው ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ተብሎ ይሰፋል፤ ከረጅሙ ጎን መካከል 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይሰፋ ይተዋል። ማዕዘኖቹ ስፌቱ ሳይነካ በሰያፍ ይቆረጣሉ፤ አለበለዚያ ሲገለበጥ ጉብታ ይሆናሉ። በተተወው ቀዳዳ ተገልብጦ በካውያ ይተኮሳል። ሁለቱ ጫፎች ሰባት ሰባት ሳንቲ ሜትር ወደ ገበሩ በኩል ይታጠፋሉ፤ ከዚያም የላዩና የታቹ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ይሰፋል። ይህ አንድ ስፌት ኪሶቹን ይይዛል፣ ቀዳዳውን ይዘጋል፣ ጠርዙን ያጠነክራል። በኪሶቹ ላይ መርፌው ብዙ ድርብ ጨርቅ ስለሚወጋ የስፌት መኪናውን እዚያ ላይ በእጅ እያዞሩ ማሳለፍ ይመረጣል። መኪና የሌለው ተማሪ በእጁ ወደ ኋላ እየመለሰ ይስፋው፤ የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ስለ ኪሱ ስፋት አንድ ነገር ልጨምር። ሰፊ ኪስ የበለጠ ይይዛል ብለው እስከ ሽፋኑ ወገብ አልፈው የሚያስረዝሙት አሉ። ደብተሩን ለማስገባት ግን ሁለቱን ሽፋኖች እንደ ክንፍ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ ኪሱ በረዘመ ቁጥር ሽፋኑ አብዝቶ መታጠፍ አለበት። ከሽፋኑ ስፋት ሲሶ እስከ ግማሽ ይበቃል። ከሲሶ ካነሰ ደብተሩ ሲከፈት ሾልኮ ይወጣል።

ፈተናውም ከመስተዋት ፊት እንደ መቆም ነው። ደብተሩን አልብሳችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። የፊት ሽፋኑ በራሱ ቢነሣ አጥሯል፤ ፍቱት። ከመካከል ስትከፍቱት ጨርቁ በጀርባው ላይ ትንሽ ቢላላና ቢያብጥ አትደንግጡ፤ ልክ ነው። ሲዘጋ የሚያስፈልገው ትርፍ ሲከፈት የት ይሂድ? ደግሞም ደብተር እየተጻፈበት ይወፍራል። ፎቶግራፍ፣ ቅጠል፣ ደረሰኝ የሚለጠፍበት የመስክ ማስታወሻ በወቅቱ መጨረሻ ከመጀመሪያው በጉልህ ወፍሮ ይገኛል። እንዲህ ላለው ደብተር የጀርባውን ልኬት ስትወስዱ የዛሬውን ሳይሆን የሚደርስበትን አስቡ።

ስለ ጨርቁ ምርጫ የየሰው ዐይን ይፍረድ፤ እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ። ያልታጠበ ጥጥ ይኮማተራል፤ ከመቶ ሦስት እጅ ብቻ ቢኮማተር 46 ሳንቲ ሜትር የነበረው 1.4 ሳንቲ ሜትር ያጣል፤ ይህም ከላይ በጥንቃቄ የጨመርነውን ትርፍ ሁሉ ይበላዋል። ማጠቡ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀለሙ የሚለቅ መሆን አለመሆኑን ደብተሩ ሳይሆን ባልዲው ይነግራችኋል። ሁለተኛ፣ በቀጥታ ይቆረጥ፤ ድሩ በደብተሩ ወርድ ቢሄድ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ድር ከማግ ይልቅ በጥቂቱ ስለሚለጠጥ ልባሱ ቶሎ አይሰፋም። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ግን በሳምንት ውስጥ ቅርጹን ያጣል። ሦስተኛ፣ ደብተሩን የሚነካው ገበር ነጭና ቀለም ያልተነከረ ጥጥ ይሁን። ለዚህ ከአቡጀዴ የተሻለ አላውቅም፤ ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በየገበያው አለ።

የአገር ሸማ ለውጪው ያምራል፤ ነገር ግን ሽመናው ልል ስለሆነ ጫፉ ይተረተራል፣ በቦርሳ ዚፕም ይያዛል። ከሥሩ ጠንካራ ገበር ከሌለ አልመክርም። ጥለት ያለውን ጨርቅ የምትጠቀሙ ከሆነ ጥለቱን በሽፋኑ የፊት ጠርዝ ላይ አታድርጉት። ብዙዎች ለውበት እዚያ ያደርጉታል፤ ጣት የሚያርፈውና ፍትጊያ የሚበዛው ግን በዚያ ነው። ወደ መካከል ገባ ይበል። ከልብስ ሰፊዎች የሚተርፍ የካኪና የጅንስ ቁርጥራጭ ለመስክ ሥራ ከሁሉ ይበልጣል፤ ብቻ ጅንስ ወፍራም ስለሆነ ያቺን የፓይ ስሌት አትርሱ።

ጨርቅ ውሃ እንደማያግድ ታውቃላችሁ። ጥጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ጥቂት ከሆነ መልሶ ያስወጣዋል፤ ይህ ከላስቲክ የሚሻልበት ጠባዩ ነው። ዝናብ የመታው ልባስ ግን በደብተሩ ላይ ተሸፍኖ ማደር የለበትም። ሻጋታ የሚጀምረው እርጥብ ጨርቅ ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ በሚያድርበት ቦርሳ ውስጥ ነው። ማታ አውልቁት፤ ልባሱ በገመድ ላይ፣ ደብተሩ ገለጥ ብሎ በጥላ ይድረቁ። ይህን ማድረግ የምትችሉት ስለሚወልቅ ነው።

ከአድማጮች ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱ ከነመልሳቸው፦

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያናችን ያሉ የብራና መጻሕፍት ድጉሳቸው እየተላጠ ነው። ተማሪዎች ተባብረን በዚህ መንገድ ብንሰፋላቸው ይፈቀዳል?

መልስ፦ ሐሳባችሁን አከብራለሁ፤ በዚህ መንገድ ግን አይሆንም። ሁለት ምክንያት አለ። ኪስ ያለው ልባስ ሽፋኑ ወደ ኋላ እንዲታጠፍ ይጠይቃል፤ የእንጨት ገበታ ያለውን አሮጌ መጽሐፍ ወደ ኋላ መመለስ የገበታውን ክር መበጠስ ነው። ደግሞም የተላጠ ቆዳ በጨርቅ ሲፈተግ ይበልጥ ይላጣል። የሚሻለው ታጥቦ የደረቀ፣ ቀለም የሌለው ሰፊ የአቡጀዴ ጨርቅ ወስዶ መጽሐፉን እንደ ሕፃን መጠቅለል ነው፤ መርፌ ሳይነካው፣ ቁልፍ ሳይኖረው፣ በላላ የጨርቅ ጥብጣብ ታስሮ። ከዚያ በፊት ግን አለቃውንና ዕቃ ቤቱን አነጋግሩ፤ ማን መንካት እንደሚገባው የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ቀድሞ የተሰፋ ጨርቅ ያለበትን መጽሐፍ ደግሞ አትፍቱት። በሁሉም ጎኑ ፎቶግራፍ አንሡት፤ የክሩን ቀለምና የስፌቱን ዓይነት ጻፉ፤ ባለሙያ እስኪያየው እንደ ነበረ ይቆይ።

ጥያቄ፦ የሽቦ ጥምዝ ላለው ደብተርስ? ያው ልኬት ይሠራል?

መልስ፦ ጀርባውን የምትለኩት በወረቀቱ ውፍረት ሳይሆን በሽቦው ጥምዝ ስፋት ነው፤ እርሱ ሁልጊዜ ይበልጣልና። ልባሱን ካለበሳችሁት በኋላ የፊት ሽፋኑን አዙራችሁ ከኋላ መያዝ አትችሉም፤ የጥምዝ ደብተር ዋና ጥቅሙ ደግሞ ይኸው ነው። በመስክ ላይ ቆማችሁ የምትጽፉ ከሆነ ልባስ አታልብሱት፤ ደብተሩ የሚገባበት ከላይ ክዳን ያለው የጨርቅ ከረጢት ስፉለት፣ ማንገቻም ይኑረው። ከረጢቱ ከደብተሩ በየጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር ይስፋ፤ የሽቦው ጫፍ የሚያርፍበትን ማዕዘን ደግሞ በድርብ ጨርቅ አጠንክሩት፤ አለበለዚያ መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ላይ ነው።